የማልኖርበት ቤት ቁጥር

ሰኔ 12፣ ቅዳሜ

ለተከበሩ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ዛሬም እንደ ልማዷ "ከአክስት ልጅ በላይ እህቴ ናት" እያለች ስታነሳዎት ነበር።

ይህን በኢሜይል የምጽፍልዎ የእሑዱን ስልክ ስለማውቀው ነው። እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤት ሳይቀር ከብበን እንሰማዎታለን። "ቤቱ ደህና ነው?" ትልዎታለች፤ "ደህና ነው" ይላሉ። ቀጥሎ ጎረቤታችን ስለ አየሩ ይጠይቁዎታል፤ በቃ፣ ያልቃል። የኔ ጉዳይ እዚያ መሀል የሚነሳ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርስዎ ባሉበት አገር ያለ አንድ ትልቅ ባንክ በየዓመቱ ለሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ሳምንት የትውውቅ ፕሮግራም ያዘጋጃል። የባንክ ቴክኖሎጂ ውስጡ ምን እንደሚመስል ያሳያሉ፤ ሥራም ይሰጣሉ። ሁሉም በኮምፒውተር ነው፤ ማንም ከቤቱ አይወጣም። ሳምንቱን ደህና አድርጎ የጨረሰ ለክረምት ሥራ ይታጫል፤ ክረምቱን ደህና የሠራ ደግሞ ሲመረቅ ይቀጠራል። ከአራት ሺህ አመልካች ሦስት መቶ ወሰዱ። አንዷ እኔ ነኝ። ሰኞ እንጀምራለን።

መጥፎው ደግሞ ይኸውልዎ። ማመልከት የሚችለው እዚያው አገር የሚኖር ተማሪ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቴን እውነተኛውን ጻፍኩ፤ ሌላ አገር እየተማረ ለዕረፍት እዚያ ዘመድ ጋ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ስለሆነ ማንም ጥያቄ አላነሳም። "የመኖሪያ አድራሻ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ከዚያ የእርስዎን ጻፍኩ፤ ቁጥር ሃያ ሦስት። በየስልኩ "የኔ ቤት የአንቺ ቤት ነው" ይሉኝ የለ? እኔም ቃልዎን አምኜ ገባሁበት።

ምናልባት ሰው ደውሎ ቢጠይቅ "አዎ፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው" ብቻ ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ባለፈው ላኩልን ብለን ያስቸገርንዎትን የላፕቶፕ ነገር ይተዉት፤ ከትምህርት በኋላ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጌታው የኋላውን ክፍል ከነኮምፒውተሩ ፈቅደውልኛል።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪዎ ሚጢ


ሰኔ 14፣ ሰኞ

ለእናቷም ለኔም ልጅ፣ ለሚጢ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ። ትናንት በስልክ ድምፅሽን ሰምቼ ነበር። "እትዬ ደህና ነዎት" ብለሽ ሹልክ አልሽ። ምን አጥፍታ ይሆን ስል ቆይቼ ኢሜይልሽን ዛሬ አነበብኩት።

ከአራት ሺህ ሦስት መቶ። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ መያዝ አቃተኝና አንሶላ አብራኝ ለምታጥፈው ሴትዮ ነገርኳት። "ምን ማለት ነው?" አለችኝ። "እንጃ፣ ግን ከብዙ ሰው መሀል ተመርጣ ነው" አልኳት። "ታዲያ አንቺ ለምን ትኮሪያለሽ?" አለች። ዘመድ የሌላት ሴት ናት፤ ምን ታውቃለች።

የአድራሻውን ነገር ግን መጀመሪያ ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር። ሃያ ሦስት ነው ያልሽው? ስሜንም ጽፈሻል ወይስ ቁጥሩን ብቻ? በፖስታ የሚላክ ነገር አለ? ይህን በቶሎ መልሺልኝ። ለእናትሽ አሁን ምንም አትንገሪያት፤ ጎረቤት ያወቀው ነገር ደስ አይለኝም።

ጉልበቴ ደህና ነው።

እትዬሽ


ሰኔ 15፣ ማክሰኞ

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ይቅርታዎንም አብሬ እየለመንኩ ነው። መጠየቅ ነበረብኝ። ማመልከቻው ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር እንጂ ንቄዎት አይደለም። ስምዎን አልጻፍኩም፤ መንገዱንና ቁጥሩን ብቻ ነው።

ለጥያቄዎ፣ አዎ፣ የሚላክ ነገር አለ። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ሳጥን ልከዋል፤ ማስታወሻ ደብተር፣ ኩባያና የባንኩ ስም ያለበት ሹራብ አለበት። ሹራቡን እርስዎ ይልበሱት። ዋናው ፊርማው ነው፤ ነገ ወይም ሐሙስ ሲደርስ ከቤት ሰው ፈርሞ መቀበል አለበት። እርስዎ ከሌሉ ቤታቸው እየኖሩ የሚሠሩላቸው አሮጊቷም ቢሆኑ ይፈርሙልኝ።

ስለ ሳምንቱ ልንገርዎ። የምቀመጠው የወረቀት ካርቶን የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ነው። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ከወዲያኛው ግድግዳ የብረት ሥራ ቤት አለ፤ የብረት መፍጫው ሲጮኽ ማይክሮፎኔን እዘጋለሁ፣ ጸጥ ሲል እከፍታለሁ። ስለዚህ ለሚያየኝ ሰው በጣም አስቤ የምናገር እመስላለሁ። እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ስለሆነ መስኮቱን በካርቶን ደፍኜ "እንደምን አደራችሁ" እላለሁ። ትናንት አንዷ የቡድኔ ልጅ "እናንተም ሰፈር እንዲህ ይዘንባል?" ስትለኝ "ኧረ ተይኝ፣ ጎርፍ ነው" አልኳት፤ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ። "የት አካባቢ ነሽ?" ብላ ስትቀጥል መፍጫው ደረሰልኝ።

አምስት አምስት አድርገው መደቡን። አማካሪያችን ሽበታም መሐንዲስ ነው፤ ባንክ ውስጥ ኮድ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። የኛ ሥራ ባንኩ የውሸት ደንበኛን የሚያውቅበትን ደንብ መጻፍ ነው። የአሥር ሺህ ሰው ዝርዝር ሰጡን፤ ሰዎቹ ለልምምድ የተፈጠሩ ናቸው። ከመሀላቸው አጭበርባሪውን ኮምፒውተሩ ራሱ ነቅሶ እንዲያወጣ ማድረግ አለብን። ሌሎቹ ሲያስቡ አፌ አመለጠኝና "የጻፈው አድራሻና በኢንተርኔት የሚገናኝበት አገር ከተለያየ ቀይ ይሁን፤ አድራሻውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይርም ቀይ ይሁን" አልኩ። አማካሪው "ይህን ከየት አመጣሽው?" አለኝ። ምን ልበለው? ሳቅኩ። ሌሎቹም ደንቡን እኔ እንድጽፈው ተስማሙ።

እትዬ፣ በራሴ ላይ ወጥመድ እየሠራሁ ነው፤ ደግሞ በጣም አሳምሬ ነው የምሠራው። ደስ ሲለኝ እፈራለሁ፣ ስፈራ ደግሞ ይበልጥ እተጋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አንሶላ የምታጥፈው ሴትዮ ማን ናት? አሮጊቷ ሌላ ሠራተኛ ቀጠሩ እንዴ?

አክባሪዎ ሚጢ


ሰኔ 16፣ ረቡዕ

ለተከበሩ እትዬ፣

መልስዎ አልደረሰኝም። በደህና ነው ብዬ ልመን።

ዛሬ ውጤት ተነገረ። ደንባችን ከሁሉም ቡድን በልጧል፤ ከመቶ አጭበርባሪ ዘጠና አራቱን ይዟል። ሽልማቱ ምን መሰለዎት? ዓርብ በሦስት መቶው ሁሉ ፊት እናቀርባለን፤ ከዚያም ደንቡን በተሳታፊዎቹ በራሳቸው ምዝገባ ላይ ይሞክሩታል። ለጨዋታ ነው አሉ። ስም አይታይም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የፈቀደ ይፈቅዳል፣ ያልፈቀደ ይቀራል። ከአምስታችን አራቱ ወዲያው ፈቀዱና እኔን ጠበቁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ፣ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ፈቀድኩ።

ደንቡን ላበላሸው እችላለሁ። የሚገናኝበትን አገር የምታየው አንዲት መስመር ናት፤ እሷን ባጠፋ ማንም ልብ አይልም። እስከ ነገ ከሰዓት ጊዜ አለኝ። ሳጥኑ ከተፈረመ ግን ማጥፋትም አያስፈልገኝም፤ "ቤቴ እዚያ ነው፣ ለጊዜው ወጣ ብዬ ነው" እላለሁ፤ ያልፋል። ሳጥኑ ደረሰ? አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ይህ ነገር ከእጄ ቢወጣ ሌላ እንዲህ ያለ በር አላውቅም።

ሚጢ


ሰኔ 17፣ ሐሙስ

ለሚጢ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ምርቃቱን ዛሬ ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ሳጥንሽ ደርሶ ተመልሷል። ሃያ ሦስት ያለው ሰውዬ "እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም" ብሎ መለሰው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኬ ስላለው ደውሎ ነገረኝ። ማን ነው ትይኝ ይሆናል። ቤቱን የገዛው ነው።

አሮጊቷ ከሞተች ስምንት ወሯ። ልጆቿ ቤቱን ሸጡ። ለኔ ሁለት ሳምንትና አንድ ምንጣፍ ሰጡኝ፤ የማነጥፍበትን ወለል ግን አልሰጡኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ክፍል ቀያይሬያለሁ። አሁን ከሦስት ሴቶች ጋር ነኝ፤ ሆቴል ውስጥ ላውንድሪ፣ የአጠባ ክፍል እንሠራለን። ትልቅ አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ አንዷ ጫፉ ካመለጣት ሁለቱም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በየእሑዱ "ቤቱ ደህና ነው" ስል አልዋሸሁም። ቤቱ ደህና ነው፤ እንዲያውም ቀለም ቀብተውታል። የሌለሁበት እኔ ነኝ።

አሁን ያናደደኝን ልንገርሽ። ክፍል በቀየርኩ ቁጥር እንደ ጨዋ ሰው ለባንኬ አስታወቅሁ። በሦስተኛው አካውንቴን ዘጉት። ሄጄ ስጠይቅ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ "ሲስተሙ ነው" አለችኝ። "እሺ፣ ሲስተሙን አገናኚኝ" ብላት ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏት። በስምሽ የተጻፈ የቤት ውል አምጪ አለች፤ ውሉ ደግሞ አብረውኝ ከሚኖሩት በአንዷ ሴት ስም ነው። ደመወዜ እስከ ዛሬ በእሷ አካውንት ይገባል። እስካሁን አልካደችኝም፤ የነገውን እንጃ። እናትሽ ስለ ላፕቶፑ ስታነሳ "ሥራ ቀዝቅዟል" ያልኳት ለዚህ ነው። እንደተቀየመች አውቃለሁ።

"አድራሻውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይርም ቀይ ይሁን።" ከየት አመጣሽው ብሎ ጠየቀሽ አይደል? እኔም እጠይቅሻለሁ። ይህን የሚጽፍ ሰው እኔን ጨርሶ የማያውቅ፣ ሩቅ ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካስ አዝዬ ያስተኛኋት ልጅም ትጽፈዋለች።

ልዋሽልሽ ብፈልግ እንኳ የምዋሽበት ቤት የለኝም። መስመሯን ማጥፋትና አለማጥፋት የራስሽ ጉዳይ ነው። ለእናትሽ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።

ምርቃቱ ይኸው፦ ፈጣሪ ከሚያሳፍር ነገር ይሰውርሽ።

እትዬሽ


ሰኔ 19፣ ቅዳሜ

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ነዎት? ዛሬ ይህን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጌታ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሉኝ "የማሽኑ ቀለም ዓይኔ ገባ" አልኳቸው። ስለ አሮጊቷ አዝናለሁ። ስለ ስምንቱ ወር ግን አፈርኩ። በየእሑዱ ስሰማዎት አንድም ጊዜ "እርስዎስ?" አላልኩም።

መስመሯን አላጠፋሁም። ቅን ስለሆንኩ እንዳይመስልዎት፤ እጄ እላይዋ ላይ ደርሶ ነበር። እሷን ባጠፋ እኔ አመልጣለሁ፤ አድራሻ የሚቀያይረውን የምትይዘው ሁለተኛዋ መስመር ግን እርስዎን ይዛ ትቀራለች። ያን ጊዜ ሁለቱንም መንካት አስጠላኝ።

ዓርብ ሦስት መቶ ትንንሽ ፊት ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። አቀረብን፣ አጨበጨቡ። አማካሪው ደንቡን አስነሳው፤ አሥራ አንድ ቁጥር ቀይ ሆኖ ወጣ። አሥሩ ለዕረፍት ከአገር የወጡ ናቸው፤ እየሳቁ እጃቸውን አወጡ። አንድ ቀረ፤ 214። ከጎኑ "የተላከው ዕቃ ተመልሷል" ይላል። ከቡድኔ መነጽር የሚያደርገው ልጅ "ይሄማ ዓይን ያወጣ ነው፣ ወዲያው ይዘጋ" አለ። ሰዎች ሳቁ። ማይክሮፎኔን ከፈትኩ። መፍጫው በዚያች ሰዓት ጸጥ ብሎ ነበር፤ ቢጮኽልኝ በወደድኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እዚያ ቤት አልኖርም፤ እዚያ አገርም አልኖርም። እኔ ጋ አሁን ከሰዓት በኋላ ነው።" ተነሥቼ ካርቶኑን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁት። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ወደቀች።

ከዚያ ስለ እርስዎ ተናገርኩ። ስምዎን አልጠራሁም። "አንዲት ዘመዴ አለች፤ ለባንኳ አንድም ጊዜ አልዋሸችም፤ ስትቀይር የነገረቻቸው ራሷ ናት። ይህ ደንብ እሷንም እኔንም እኩል ቀይ ያደርገናል" አልኩ። አማካሪው ቀስ ብሎ "ታዲያ ሁለታችሁን በምን እንለያችሁ?" አለኝ። አላውቅም አልኩ። የምር አላውቅም። ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ ተዘጋ።

ያለ ፈቃድዎ ተናገርኩ። መጀመሪያ አድራሻዎን ወሰድኩ፣ አሁን ደግሞ ኑሮዎን። ይቆጡኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ሚጢ


ሐምሌ 1፣ ሐሙስ

ለተከበሩ እትዬ፣

ባሉበት ሰላም ይሁኑ። ሁለት እሑድ እናቴ ደወለች፤ አላነሡም። "ደግሞ እሷ ታኩርፍ? ማኩረፍስ የኔ ነበር" አለች፤ ግን ሥራ እየሠራች በየመሀሉ ስልኩን ታየዋለች። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ አልተናገርኩም።

የባንኩ መልስ መጣ። አራት መስመር ነው። የምዝገባ መረጃዬ ትክክል ስላልነበረ ለክረምቱ ሥራ አልታጭም፤ ምስክር ወረቀትም አይሰጠኝም። በደሉኝ ማለት አልችልም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም። አራቱ የቡድኔ ልጆች ታጭተዋል። ክረምቱን ሙሉ የሚሠሩት ያንኑ ደንብ ለእውነተኛ ደንበኞች እንዲሆን ማዘጋጀት ነው።

አማካሪው ለብቻው ጻፈልኝ። እንዲህ ይላል፦ "ቦታሽን ልመልስልሽ አልችልም። ጥያቄዬን ግን የምር ነው የጠየቅሁሽ። ደንቡ ቀይ ያደረገው ሰው አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሠራተኛ ደውሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው ብንል፣ ጥያቄው ምን ይሁን? መልስ ካገኘሽ ልጆቹ እንዲያስገቡት አደርጋለሁ።"

ስምንት ቀን አሰብኩበት። የምጽፈው ሁሉ እኔን የሚያሳልፍ፣ እርስዎን የሚጥል ይሆንብኛል። እርስዎ መልሱ ይኖርዎታል ብዬ ነው። ስለኔ ሲሉ ባይሆንም፣ እንደ እርስዎ መስኮት ላይ ቆማ "ሲስተሙ ነው" ስለምትባለው ሴት ሲሉ ይመልሱልኝ።

ሚጢ


ሐምሌ 11፣ እሑድ

ለሚጢ፣

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው፤ ከእንግዲህ የምታንኳኪው በር በስምሽ ይከፈትልሽ።

ተቆጥቼ ነበር። ለብዙ ቀን ተቆጣሁ። አንሶላውን ስስብ አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ "ቀስ በይ፣ ልትቀጂው ነው" እስክትለኝ ድረስ። ቁጣው ሲወጣልኝ የቀረው ሌላ ነገር ሆነ። እዚህ አገር ስኖር በሰው ፊት ቆሞ "አልዋሸችም" ያለልኝ ሰው አልነበረም። ቦታሽ በመቅረቱ አንጀቴ አርሯል። የኔም እጅ አለበት፤ በስምንቱ ወር ውስጥ በአንዱ እሑድ እውነቱን ብናገር ኖሮ ያንን ቁጥር አትጽፊውም ነበር።

ዛሬ ለእናትሽ ደወልኩ። ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ጓዳ ግቢ አልኳትና ነገርኳት። መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ምን ላይ እንደምተኛ ጠየቀችኝ። ምንጣፉ አለ አልኳት። የቀረውን እሷ ትንገርሽ።

ስለ ጥያቄው። ለሽበታሙ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት። ደውለው የቤትሽ ቁጥር ስንት ነው ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ግን ትተው አመላለሱን ያዳምጡ። አንቺን ቢጠይቁሽ መንገዱንም ቁጥሩንም አንዲት ሳትስቺ ታወርጂው ነበር፤ አጥንተሽዋላ። የሚዋሽ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። እኔን ቢጠይቁኝ እደነግጣለሁ። የማድርበትን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው ደረጃ ይንቋቋል፣ በሩ ወደ ላይ ሳብ ካልተደረገ ቁልፉ አይዞርም፣ ከታች ያለው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ያስላል። ቁጥሩን ግን አላውቀውም፤ ለባንኩም የሰጠሁት ውሉ በስሟ የሆነው ሴት የጻፈችልኝን ወረቀት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የለ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ? ስለዚህ ስደነግጥ አይዝጉብኝ፤ ትንሽ ታግሠው ስለ ደረጃው ይጠይቁኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አፈርኩና ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ፤ መንገድ ተሻግሬ ቆሜ በሩን አየሁት። ስልሳ አንድ ነው።

እትዬሽ